ለአባባ የተላከ ባትሪ

ዳንግላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአዱኛ፣

የጌታ ሰላም ለአንተም ለባለቤትህ ለእታለማሁም ይብዛላችሁ። በእኛ በኩል አባባ ይበላሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይቆጣሉ፤ ሦስቱንም በአንድ ቀን ከሠሩ ደህና ናቸው ማለት ነው።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ብለሃል አሉ። ቤት ውስጥ ሆኜ ስደውል አባባ ይሰማሉ። ጆሯቸው እንደ ሳንባቸው አልታመመም። ደጅ ስወጣ ደግሞ ኔትወርኩ ይጠፋል። አሳምነው ግን በአይሱዙው እህል ጭኖ ወደ ድሬዳዋ በወረደ ቁጥር «የምትልኪው አለ?» እያለ በራችንን ያንኳኳል። ከኔትወርኩ ይልቅ እሱ ይታመናል።

መብራት ሲጠፋ የኦክስጅን ማሽናቸውን እንዲያሠራ የላክኸው ፓወር ስቴሽን የሚሉት የባትሪ ሣጥን ደህና ነው ወይ ላልከው፣ ደህና ነው። መጀመሪያ ላይ ግን አባባ አላመኑትም ነበር። ታውቃቸው የለ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በወፍጮ ቤት ከሞተር ጩኸት ጋር ሲነታረኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐኪሙም ሳንባቸውን የጎዳው የዚያ ዱቄት ብናኝ ነው ብሏል። ሣጥኑን አልጋቸው አጠገብ ሳስቀምጠው ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጡና «የማይጮህ ሞተር እህል አይፈጭም» አሉኝ። በማግስቱ መብራት ጠፋ፤ የኦክስጅን ማሽኑ ግን ምንም ሳይለው ሥራውን ቀጠለ። አባባ ቆይተው ቆይተው «ይኼስ ጨዋ ነው፤ ሠርቶ አያወራም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው ጠያቂ ሁሉ እንደ ሰው ያስተዋውቁታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ታናሻችን ሚልካ ቀን ቆርጣለች። ሠርጉ ጥር 24 እንጅባራ ነው፣ እሷ በምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን። ሙሽራው መሳፍንት ምን ዓይነት ሰው ነው ላልከኝ፣ የእንስሳት ሐኪም ነው። እናቱ ወይዘሮ የሻረግ ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ከአማርኛው ይልቅ አዊኛው ይቀናቸዋል። ልጁ ሊጠይቀን የመጣ ዕለት የአባባ የጫማ ክር ተፈትቶ አየና ጎንበስ ብሎ አሰረላቸው። ሲሄድ አባባ «ፈረስ የለመደ እጅ ነው፤ አይጎትትም» አሉ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ለሙከራ ብዬ ማሽኑንና ሣጥኑን በጋሪ ጭኜ አባባን ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። ደስ አላቸው። ነገር ግን መጋቢው «ሦስተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ» ከማለቱ ሣጥኑ አለቀ፣ ማሽኑም ጮኸ። ምእመኑ ሳቀ፤ መጋቢውም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቤት እስክንደርስ የአባባ ከንፈር ጠቆር ብሎ ነበር። ቤት መብራት ስለነበረ ወዲያው ተመለሰላቸው። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው መጨረሻ ላይ የጻፍኩት።

እንጅባራ ደርሶ ለመመለስ መንገዱ አለ፣ ሥነ ሥርዓቱ አለ፣ ግብዣው አለ። ሣጥኑ ይህን ሁሉ አይችልም። ሚልካ ደግሞ «አባባ ቆመው ሳይመርቁኝ አላገባም» ብላለች። አንተ የምትውለው እነዚህ ዕቃዎች መሃል ነውና አንድ ዘዴ ፈልግልኝ።

እህትህ ማናየሽ

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ማናየሽ፣

ሰላምታዬ ከድሬ ሙቀት ጋር ይድረስሽ፤ ለዳንግላ ብርድ ትንሽ ይረዳሽ ይሆናል። የከንፈሩን ነገር መጨረሻ ላይ መጻፍሽ አልጠቀመኝም፤ እኔ ደብዳቤ ማንበብ የምጀምረው ከታች ነው።

ሁለተኛ ሣጥን ይገዛ ትዪ ይሆናል፤ አይገዛ። ሁለት ሣጥን ከሆነ አንዱ ሲያልቅ ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት ይመጣል። በዚያ መሃል ማሽኑ ይጠፋል፤ አባባም ይደነግጣሉ። የሚያስፈልገን ተጨማሪ ባትሪ የሚባለው ነው። የራሱ ሶኬት የለውም፤ ለብቻው ምንም አይሠራም። ከሣጥኑ ጎን ቆሞ በገመድ ይያያዝና ሣጥኑ ያላለቀ እንዲመስለው ይመግበዋል። ለአባባ ስታስረጃቸው «ሣጥኑ የወፍጮው ቋት ነው፤ ይኼ ደግሞ ጎኑ የተደገፈ ጆንያ ነው» በያቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

አንድ ችግር አለ። ሣጥናችሁ የቀድሞ ሞዴል ነው፤ ሱቃችን ያለው ባትሪ አዲስ ነው። የባትሪው ገመድ ጫፍ በሣጥኑ አፍ አይገባም። ሁለቱን እንዲያገናኝ ተብሎ የተሠራ አዳፕተር አለ፤ እሱን አዝዣለሁ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ አስቀድሜ በአሳምነው መኪና ልኬዋለሁ፤ አዳፕተሩ ከኋላ ይከተላል። እስከዚያው ባትሪውን አታንገላቱት። ፀሐይና እርጥበት ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡት።

እታለማሁ ለምን አትጽፍም ትዪ ይሆናል፤ ሰሞኑን ትንሽ ደከም ብሏት ነው፤ ሰላም ብላሻለች። ለሠርጉ መምጣቴን በተመለከተ ሥራ ጠምዶኛል። ሚልካ ትቀየመኛለች፤ አውቃለሁ። እንደ እኔ ሆነሽ አንቺው ሳሚልኝ።

ወንድምሽ አዱኛ

ዳንግላ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዱኛ፣

በዓሉን እንዴት ዋላችሁ? እኛስ ገናን በሰላም ውለን ነበር፤ ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው።

ባትሪው ደርሷል። አሳምነውና በኃይሉ ተጋግዘው አስገቡት። የአክስታችን ልጅ በኃይሉ አሁን የከተማው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። አዳፕተሩ ግን እስካሁን የለም። በኃይሉ ገመዱን አየና ከኪሱ ፒንሳ አወጣ። «ምን አዳፕተር ያስፈልገዋል? ጫፉን ቆርጠን፣ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አጣምረን፣ በናስትሮ እንጠቅልለው» አለኝ። ቀኑ እየቀረበ ነውና እኔም ልፈቅድለት ምንም አልቀረኝም። ያንተን መልስ እስካገኝ ብዬ ፒንሳውን ተቀብዬ መሶብ ውስጥ ደበቅሁት።

ሌላው ነገር ከዚህ ይብሳል። አባባ አልሄድም ብለዋል።

በድካማቸው ምክንያት መስሎህ እንደሆነ፣ አይደለም። «ልጁ አላከበረኝም፤ ተቀይሜዋለሁ» ይላሉ። መቼ? «መጀመሪያ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከወንበሩ ሳይነሣ ሰላም አለኝ» አሉ። እኔ እዚያው ነበርኩ አዱኛ፤ ልጁ ጭራሽ አልተቀመጠም! ሚልካ ከእንጅባራ ገሥግሣ መጣች። እግራቸው ሥር ተንበርክካ «ምን አድርጎ ነው? ይቅርታ ይጠይቃል» ብትላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «እንግዲያው ሠርጉ ይራዘም» ስትል ግን ብድግ አሉ። «ቀኑ ከተለወጠ ከነጭራሹ አልመርቅሽም» ብለው ጮኹ፤ ጩኸቱም ትንፋሻቸውን ቆረጠው። ልጅቷ እያለቀሰች ተመለሰች።

የተቀየመ ሰው ስለ ቀኑ ምን አገባው? አልገባኝም። አንተ ከሩቅ ሆነህ የተሻለ ይታይህ ይሆናል።

እህትህ ማናየሽ

ድሬዳዋ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ አካክሰዋለሁ። አትቁረጡት!

በኃይሉን እወደዋለሁ፤ ፒንሳው ግን መሶብ ውስጥ ይቆይ። በዚያ ገመድ ውስጥ ከቀዩና ከጥቁሩ ሌላ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ባትሪውና ሣጥኑ የሚነጋገሩት በእነሱ ነው፤ «ሞልቻለሁ፣ ሞቆኛል፣ አቁም» የሚባባሉት። እነሱን ቆርጦ ሁለቱን ብቻ ማጣመር ሁለት ሰዎችን አፋቸውን አስሮ ማጋባት ነው። ወይ ሣጥኑ ይቃጠላል፣ ወይ ከዚያ የባሰ ይመጣል። አጠገቡ ደግሞ ኦክስጅን አለ።

አዳፕተሩ ለምን ዘገየ ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ። መጥቶ ነበር። ሱቅ ውስጥ እንደ እናንተ ያለ ሣጥን ስላለ ከመላኬ በፊት ሞከርኩት። በልኩ የተሠራ ይመስል ገጠመ፤ ስክሪኑ ላይ ግን የስህተት ምልክት መጣ። አፉ ቢመሳሰልም የሌላ ሞዴል ነበር። ስለዚህ መልሼ ላክሁት። ትክክለኛው ትናንት ደረሰ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። አሳምነው ይዞት ይመጣል። ጭነት ላይ እንዳያስቀምጠው፣ ከጉያው እንዳይለየው ነግሬዋለሁ።

አገጣጠሙን ለብቻው በወረቀት ጽፌዋለሁ። ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ሁለቱም ጠፍተው ይገናኙ።

ስለ አባባ፣ ያን ቅያሜ አላመንኩትም። አባባ የጠሉትን ሰው ስሙን አያነሡም፤ ምክንያት መደርደርማ ጨርሶ አያውቁበትም። የሆነ ነገር ይዘዋል። ብቻቸውን ሲሆኑ ተከታተያቸው።

ስለ እኛ አትጨነቂ። እታለማሁም በርታ ብላለች።

አዱኛ

ዳንግላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአዱኛ፣

የዛሬውን ሰላምታ በእልልታ ቁጠረው፤ በወረቀት እልልታ እንዴት እንደሚጻፍ ባውቅ እጽፈው ነበር።

እንዳልከው አደረግሁ። ቅዳሜ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁና ዘንቢሌን ጎረቤት አስቀምጬ በጓሮ በር ተመለስኩ። አባባ ሲያወሩ ሰማሁ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ በቀዳዳ ብመለከት ሁለት ትራስ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስደግፈው፣ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። «አንቺ ልጄ ሚልካ፣ አንተም ልጄ መሳፍንት፣ ቤታችሁ እንግዳ የማይጠፋበት፣ ማዕዳችሁ የማይጎድልበት…» ይሉና ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ይቀመጡና ያርፋሉ። ደግሞ ተነሥተው ከመጀመሪያው፣ «አንቺ ልጄ ሚልካ…»

አልቻልኩም፤ በሩን ከፈትኩት።

«አባባ፣ ትራስ ነው የሚመርቁት?»

ደንግጠው ከዘራውን ጣሉት። «ገበያ ሄደሽ አልነበረም እንዴ?»

«ተቀይሜዋለሁ ያሉትን ልጅ ነው ልጄ የሚሉት?»

ተቀመጡ። «ስሚኝ ማናየሽ» አሉ፤ «አመመኝ ብላት ሠርጉን ታራዝመዋለች። ዛሬ ብታራዝመው ለመጪው ዓመት በሕይወት መኖሬን ማን ያውቃል? ተቀየምኩ ካልኳት ግን እልህ ይይዛታል። እልኸኛ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ በእኔ ነው የወጣችው። በቀኗ ታገባለች። እኔም እዚህ ሆኜ ትራሱን እመርቃለሁ። እግዜር እንደሆነ አድራሻ አይጠፋው።»

አለቀስኩ፤ ቀጥዬም ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳሉም። እግዜር አየን አዱኛ፤ በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ አሳምነው አዳፕተሩን ከጃኬቱ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። እንደ ሕፃን በሻሽ ጠቅልሎት ነበር።

በኃይሉ ወረቀትህን ጮክ ብሎ አነበበ፤ እኔ ሠራሁ። ሁለቱንም አጠፋናቸው። አዳፕተሩን መጀመሪያ ወደ ሣጥኑ አፍ «ቀጭ» እስኪል ገፋሁት። ቀጥሎ የባትሪውን ገመድ ከአዳፕተሩ ጋር። ከዚያ ባትሪውን አበራን፤ በመጨረሻ ሣጥኑን። ስክሪኑ ጥቂት አሰበና በትንሹ የባትሪ ሥዕል ጎን ሌላ ትልቅ ሥዕል ብቅ አለ። ይቆያል የሚለው ሰዓት ወደ ላይ ተተኮሰ! ቀድሞ ያጨበጨበው በኃይሉ ነው። «ያን ቀን ቆርጬው ቢሆን ኖሮ» አለ፤ ፒንሳውን መልሺልኝ አለማለቱ ገረመኝ። አባባ ደግሞ ከአልጋቸው ቀና ብለው «ተስማሙ?» አሉ።

«ተስማሙ አባባ።»

«እንግዲያው ሽማግሌው አዳፕተሩ ነው» አሉ።

በማግስቱ ሁለቱንም ሞልተን ከጠዋት ጀምሮ ከመብራት ነቅለን ሞከርነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። አባባ ስልክ ስጪኝ አሉና እደጅ ወጥተው፣ ኔትወርኩም ለእሳቸው አፍሮ መሰለኝ ሳይጠፋ፣ መሳፍንትን አገኙት። «ልጄ፣ ቅያሜዬ የውሸት ነበር፤ የምመጣው ግን የእውነት ነው» አሉት። እሱ «አባባ፣ እኔም የት ጋ እንዳጠፋሁ ስፈልግ ነው የሰነበትኩት» አላቸው። ከኋላው የሚልካ ጩኸት እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

አሁን ተራው ያንተ ነው። አሳምነው አዳፕተሩን ከየት ተቀበልክ ብለው፣ «ከሆስፒታል በር» አለኝና አፉን ያዘ። ማን ነው የታመመው? እታለማሁ ስንት ደብዳቤ ሙሉ ሰላም ትላለች፤ በእጇ ግን አንዲት መስመር የለችም። እኔ የአባባን ትራስ ደርሼበታለሁ፤ አንተን አቅቶኝ ነው?

እህትህ ማናየሽ

ድሬዳዋ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፣

ደርሰሽብኛል። እታለማሁ ነፍሰ ጡር ናት።

ለምን አልነገርከኝም አትበዪኝ። ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ ተስፋ አድርገን እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የመጨረሻው ጊዜ አባባ የሰሙ ቀን ወፍጮ ቤቱን ዘግተው ነበር የዋሉት። በዚህ ላይ ሌላ ሐዘን ልጨምርባቸው አልፈለግሁም። አሁን ወሯ ገፍቷል፤ ሐኪሞቹ ተኝታ ትጠበቅ ስላሉ ሆስፒታል ነን። ሱቅ ውዬ እሷ ዘንድ አድራለሁ። ለሠርጉ የማልመጣውም ለዚህ ነው እንጂ ሥራ ጠምዶኝ አይደለም። አይዞሽ፣ እሷም ልጁም ደህና ናቸው። በጣም ይራገጣል ብላ ትስቃለች።

ለአባባ መንገሩን ለአንቺ ትቼዋለሁ። ይችሉታል ካልሽ ንገሪያቸው፤ ካልሆነም ይቆይ።

ለጉዞው፦ ሁለቱንም ከዋዜማው ሙሉ። መኪና ውስጥ ገመዱ እግር እንዳይጠልፈው፣ ሣጥኑ ላይ ልብስ እንዳትከምሩበት፤ አየር ይፈልጋል። እንደ ባለቤቱ ነው።

ለሚልካ ውለጂ፣ ክበጂ በያት።

አዱኛ

ዳንግላ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአዱኛ፣ ለእቴ ለእታለማሁም፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ በሠርጉ ዋዜማ ነው። ሰው መሃል ስለሆንኩ አንብቤ በጉያዬ ከተትኩት። ለአባባ ከሠርጉ በኋላ እነግራለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ሁሉንም በተራው ልንገርህ።

ሠርጉ እንዴት ነበር ብለህ ከመጠየቅህ በፊት፦ አባባ ደህና ናቸው። አሁን አጠገቤ ተኝተው ያንኮራፋሉ። ከታች ለምታነብ ከላይም ብጽፍልህ ምን ቸገረኝ።

ጠዋት ሚኒባስ ተከራይተን ወጣን። ማሽኑ በወንበሮቹ መሃል፣ ሣጥኑና ባትሪው ጎን ለጎን፣ በኃይሉ እንደ ዘበኛ ከአጠገባቸው። አባባ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል። እንጅባራ ልንገባ ስንል መንገዱ ተዘጋ። ለካ በዋዜማው የፈረሰኞች በዓል ነበር፤ ወደየአገሩ የሚመለሰው ፈረሰኛ መንገዱን ሞልቶታል። የፈረሱ ጌጥ፣ የሰዉ ብዛት፣ ጉድ ነው! ሹፌሩ ጥሩምባ ቢያሰማም ማን ይሰማዋል? ቆምን፤ ትንሽ ሄድን፤ ደግሞ ቆምን። እኔ ስክሪኑን አያለሁ፤ አባባ ፈረሱን ያያሉ። ያለዚያ ባትሪ ቢሆን ኖሮ እዚያው መንገድ ላይ ነበር የሚያልቅብን።

ያን ጊዜ ነው አባባ ድንገት ወደ እኔ ዞረው «አዱኛ ለምን አልመጣም? ሥራ አትበይኝ» ያሉኝ። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ነገርኳቸው። በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየታቸውን ቀጠሉ። ፈራሁና እጃቸውን ያዝኩ። እጄን አጥብቀው ጨበጡና «መስኮቱን ክፈቺልኝ» አሉ። ከፈትኩ። አንገታቸውን ከነቱቦው አውጥተው ለማያውቁት ፈረሰኛ «የልጅ ልጅ ሊመጣልኝ ነው!» ብለው ጮኹ።

ፈረሰኛው ቆመ። ቱቦውንና ማሽኑን አየና «የሙሽራዪቱ አባት ነዎት እንዴ?» አላቸው። የመሳፍንት አጎት አቶ ዓለምነው ኖሯል! ሰዎቹን በአዊኛ ተጣራ፤ ከፊትም ከኋላም ፈረሶች ተሰለፉልን። ሚኒባሳችን በፈረስ ታጅቦ ከተማ ገባ። ሚልካ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ ስታየን ቀሚሷን ሰብስባ እንደ ሕፃን ሮጠች። ሚዜዎቿ ከኋላዋ፣ መሳፍንትም ከነሱ ኋላ።

ሥነ ሥርዓቱ ተጀምሮ ዝማሬው ሞቅ እንዳለ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም፣ ማይኩ ዝም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሥራውን ያላቋረጠ ነገር ቢኖር የአባባ ማሽን ብቻ ነው፤ ትር ትር ማለቱ ለሁሉም ይሰማል። አባባ በከዘራቸው በኃይሉን ነካ አደረጉት።

«ሣጥኑ ላይ ባዶ ሶኬት የለም?»

«አለ፣ አባባ።»

«ለመዘምራኑ ስጣቸው።»

እኔ ብድግ አልኩ። «አባባ፣ ይኼ የእርስዎ መተንፈሻ ነው እኮ!»

«ስክሪኑን አንብቢ» አሉኝ።

አነበብኩ። እነሱ የሚወስዱት ትንሽ ነው፤ ቢዘምሩም፣ ብንበላም፣ ቤት ብንመለስም ይተርፋል። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ወረቀትህን በልቤ እየደገምኩ ነበር። በኃይሉ ገመድ ዘረጋ፤ ኪቦርዱ ነቃ። ጉባኤው ያወጣውን እልልታ ብትሰማ! መዘምራኑ ያቋረጡትን አልቀጠሉም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። አባባ እግራቸውን ይመቱ ነበር።

ከዚያ ምርቃቱ መጣ። ቆሙ። መሳፍንት ሙሽራ መሆኑን ረስቶ ቱቦው እንዳይጎተት ከኋላቸው በእጁ ይዞላቸዋል። «አንቺ ልጄ ሚልካ፣ አንተም ልጄ መሳፍንት፣ ቤታችሁ እንግዳ የማይጠፋበት፣ ማዕዳችሁ የማይጎድልበት…» አሉና እዚያችው በትራሱ ፊት የምታስቸግራቸው ቦታ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። ልሮጥ ስል የመሳፍንት እናት ወይዘሮ የሻረግ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አባባ ካቆሙበት ተቀብለው በአዊኛ ይመርቁ ጀመር። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ግማሹ ሰው እየተከተለ አሜን ይላል፤ ሌላው ባይገባውም አሜን ይላል። አባባ ትንፋሻቸውን ሰብስበው እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ወይዘሮ የሻረግም ተዉላቸው። እንዲህ እየተቀባበሉ፣ አንዱ በአማርኛ ሌላዋ በአዊኛ፣ እስከ መጨረሻው አደረሱት። በመጨረሻ አባባ «በድሬዳዋም በአልጋ ላይ ያለችውን ልጄን እታለማሁን፣ የያዘችውን በሰላም ያስታቅፋት» አሉ። ሚልካ ያን ጊዜ ነው የሰማችው፤ የሠርግ ኩሏን በሙሉ በእንባ አበላሸችው።

ምርቃቱን በስልኬ ቀድቼዋለሁ። በኔትወርክ መላክ ስላቃተኝ ሚሞሪ ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። እታለማሁ ትስማው። እንዲያውም አባባ «ለእሷ ሳታሰሚ እንዳታጠፊው» ብለው አስጠንቅቀውኛል።

ቤት ስንደርስ ባትሪው ገና ነበረው። ባይኖረውም ግድ የለኝም ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ቻርጅ የተደረጉ ይመስሉ ነበር።

እህትህ ማናየሽ

ድሬዳዋ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፣ ለአባባም፣

ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ከእንግዲህ የምንደብቀው የለም።

ሴት ናት! ከቀኗ ትንሽ ቀድማ መጣች፤ ትንሽዬ ናት፣ ሳንባዋ ግን የጤነኛ ነው። አባባ፣ ስታለቅስ የድሮውን ወፍጮዎን ነው የምትመስለው። እታለማሁ ደህና ናት። «ለማናየሽ በራሴ እጅ እጽፋለሁ» ብላለች፤ አሁን ግን ሁለቱም እጆቿ ሥራ ላይ ናቸው። ስም አወጣችሁላት ወይ ለምትሉኝ አላወጣንም፤ አባባን እየጠበቅን ነው።

ካርዱ የደረሰን ሕፃኗ ከማሞቂያው ክፍል ወጥታ ለእናቷ በተሰጠች ማግስት ነው። ስልኬ ላይ ከትቼ ቀስ አድርጌ ለእታለማሁ ብቻ ላሰማት ነበር ሐሳቤ። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች አራሶች ነበሩ፤ አንዷ ሶማሌ፣ አንዷ ከሐረር በኩል የመጣች የኦሮሞ ልጅ፣ አንዷ ከዚሁ ከከዚራ ሰፈር። የአባባ ድምፅ እንደተሰማ «ምርቃት ነው? ድምፁን ጨምረው» አሉኝ። ጨመርኩ። ነርሷም መድኃኒቷን እንደያዘች በር ላይ ቆመች። «ቤታችሁ እንግዳ የማይጠፋበት» ሲሉ ከወዲያ ወዲህ አሜን፣ አሚን ይባላል።

ከዚያ ያች ቦታ መጣች። አባባ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ስልኩ ዝም አለ፤ ከሥሩ የማሽኑ ትር ትር ብቻ ይሰማል። ሴቶቹ «ምን ሆነው ነው?» አሉኝ። እኔም ወይዘሮ የሻረግ እንደሚቀጥሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

ይኼኔ የልጅ ልጅዎ ከእታለማሁ እቅፍ በለቅሶ ጮኸች! የክፍሉ መስኮት እስኪነቃነቅ። የወይዘሮ የሻረግ አዊኛ ሲጀምር አንዲት ቃል የሰማ የለም፤ እሷ ሸፍናዋለች። ሶማሌዋ አራስ በሳቅ ፈርሳ «ቀጠለችላቸው እኮ፤ አያቷ ያቆሙበትን ቀጠለች!» አለች። ነርሷ ሳቀች፤ እታለማሁ ሳቀች፤ እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ሶማሌዋ እጆቿን ዘረጋችና ወደ ሕፃኗ ዞራ፣ ያልገባትን ቋንቋ ሁሉ ጠቅልላ፣ «አሚን» አለች። ሁሉም ተከተሏት።

ልጅዎ አዱኛ